ሬዲዮ ጨዋታ የለመደበት ዘመን

በዚህ እትም ወደ ታሪክ ጎራ ብለን፣ በየቤታችን ጥግ ተቀምጦ አብሮን ስለኖረ አንድ ዕቃ እንጫወታለን፤ ስለ ሬዲዮ።

"ጨዋታ" የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይዟል። ልጅ በደጅ ሲሯሯጥ ይጫወታል፤ ትልቅ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ይጫወታል። ቤታችን የመጣ እንግዳ ዝም ሲል "ተጫወቱ እንጂ" የምንለው ወሬውን፣ ትዝታውንና ሐሳቡን እንዲያወጣ፣ እኛም የእኛን እንድንጨምርበት ነው። ጨዋታ መቀባበል ይፈልጋል። አንዱ ብቻ እየተናገረ ሌላው ዝም ብሎ ከሰማ ትእዛዝ ወይም ስብከት ይሆናል እንጂ ጨዋታ አይባልም።

የሀገራችን ሬዲዮ ለ70 ዓመት ያህል በአብዛኛው ተናጋሪ ነበር፤ ጨዋታ የለመደው ዘግይቶ ነው። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ፣ ሴቶች በመካከሉ የት እንደነበሩና ለእኛ ለማኅበሩ አባላት ምን የቤት ሥራ እንደሚተውልን በቅደም ተከተል እንየው።

ከነጋሪት ወደ ማማ

ከሬዲዮ በፊት የመንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ በሚነገር አዋጅ ነበር። ሰሚው ቆሞ ያዳምጣል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ሄዶ ላልሰማው ያሰማል። መልስ የሚሰጥበት መንገድ ግን የለም።

በ1927 ዓ.ም. ጥር ወር በአቃቂ የተመረቀው የሬዲዮ ጣቢያም የተወለደው ከዚሁ የአዋጅ ባህል ነው። ጣቢያውን የሠራው የጣሊያን ኩባንያ መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው፤ የጣሊያን ጦር ድንበር ተሻግሮ የገባው ጣቢያው ከተመረቀ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነበርና። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አዲሱ መሣሪያ ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ለዓለም የምታሰማበት ሆነ። ወረራው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ የሰላም ጥሪ አስተላልፈዋል። ሬዲዮ በሀገራችን ገና ጨቅላ ሳለ የሴት ድምፅ በአየር ላይ መሰማቱን ልብ ማለት ይገባል።

ከነፃነት በኋላ ሬዲዮ እንደገና ሥራ ሲጀምር የሬዲዮ መቀበያ ያለው ቤት በጣም ጥቂት ነበር። በአዲስ አበባ አደባባዮች ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። ነጋሪቱ ቀረ እንጂ ቆሞ መስማቱ አልቀረም። በዚያ ዘመን ወይዘሮ ሮማነወርቅ ካሳሁን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በሴት ጋዜጠኝነት ፈር ቀዳጅ ሆነው ብቅ አሉ። ደራሲም ነበሩ። ስለ ትዳር፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ሴት ልጅ ትምህርት በሴት አንደበት መነገሩ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ በየጣቢያው የምንሰማቸው ሴት አቅራቢዎች የሚሄዱበትን መንገድ የጠረጉት እኚህ ሴት ናቸው።

ዳንቴል የለበሰው ሬዲዮ

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሬዲዮ ቀስ በቀስ ወደ ቤት ገባ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሬዲዮ የሳሎን ጌጥ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል፣ ዳንቴል ይለብሳል፣ ልጅ አይነካውም። ያላቸው ለሌላቸው ያሰማሉ፤ ጎረቤት ዜናና ዘፈን ለመስማት ይሰበሰባል። ያን ዳንቴል የሠሩት የእናቶቻችን እጆች ናቸው፤ ጣቢያ መርጦ የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን አባወራው ነበር።

በየካቲት 1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ ጣቢያ ከአፍሪካም አልፎ ወደ እስያ በብዙ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር። ከሃይማኖቱ ትምህርት ጎን ለጎን ዜና፣ ሙዚቃ፣ የጤናና የትምህርት ዝግጅቶች ነበሩት። ከመንግሥት ውጭ የሆነ ሌላ የሬዲዮ ድምፅ ከአዲስ አበባ ሲሰማ ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ጣቢያውን ወረሰውና "የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ" አለው።

ሙዚቃውም የራሱ ታሪክ አለው። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሥራ ለሕዝብ ከሚደርስባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ሬዲዮ ነበር። ብዙነሽ በቀለን የመሰለች ድምፃዊት ከመድረክ አልፋ በየቤቱ የታወቀችው፣ የአስናቀች ወርቁ ክራር ቲያትር ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። ሴት ልጅ አዝማሪ ሆነች ተብሎ በሚታፈርበት ዘመን፣ ያው የሚያፍረው ቤተሰብ ሬዲዮ ከፍቶ የሴት ድምፅ በጸጥታ ያዳምጥ ነበር። ሬዲዮ ይህን ዓይነቱን ነገር ሳይናገር ይሠራል። በር ሳያንኳኳ ይገባና ጆሮን ያለማምዳል።

ከአብዮቱ በኋላ ግን ሬዲዮ የሚያስደነግጥ ዕቃ ሆነ። የ60ዎቹ ባለሥልጣናት መገደል ለሕዝብ የተነገረው በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሬዲዮ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ማርሽ ሲሰማ "ደግሞ ዛሬ ምን ሊሉን ነው?" ብላ እጇን ከሊጥ ያላነሳች እናት አልነበረችም ማለት ይቻላል። ሰው ሌላ ወሬ ሲፈልግ ማታ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የውጭ ጣቢያ ይፈልጋል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር፤ የአሜሪካ ድምፅም በ1970ዎቹ ተጨመረ። ስለ ገዛ ሀገራችን የምንሰማው ከባሕር ማዶ ነበር ማለት ነው።

ያም ሆኖ በዚያው በመንግሥት ሬዲዮ የማይረሳ ነገር ተሠርቷል። አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" በሬዲዮ ሲተርክ ሥራ ይቆም እንደነበር ታላላቆቻችን ዛሬም ያወሱታል። ማንበብ የማትችል ሴት ከሀገሪቱ ታላላቅ ልቦለዶች አንዱን ከዳር እስከ ዳር ሰምታ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጆች ልታውቃቸው ቻለች። ፊደል የነፈጋትን ጆሮ ካሳት።

ሕጉ ወጣ፣ ድምፁ ዘገየ

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ለግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በር ከፈተ። አዲስ አበባ በጋዜጣ ተጥለቀለቀች። ሬዲዮ ግን በመንግሥት እጅ ቆየ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰማው ሬዲዮ ፋናም የገዥው ፓርቲ ልጅ ነበር። የግል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሊኖር እንደሚችል የደነገገው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 በ1991 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ከአዋጁ በኋላ ለብዙ ዓመታት አንድም የግል ጣቢያ አልተከፈተም።

ጋዜጣ ተፈቅዶ ሬዲዮ ለምን ዘገየ? ጋዜጣ የሚያነበው ፊደል የቆጠረና ሳንቲም ያለው የከተማ ሰው ነው። ሬዲዮ ግን ማጀት ይገባል፣ እርሻ ይወርዳል፣ ፊደል ላልቆጠረውም ይደርሳል። አብዛኞቹ ሴቶች ማንበብ በማይችሉበት ሀገር ሬዲዮን መያዝ የሴቶችን ጆሮ መያዝ ነው። ባለሥልጣን የሚፈራው ብዙ ሰው የሚሰማውን ነገር ነው፤ የሬዲዮ ፈቃድ የዘገየውም ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ነው ብለን እናምናለን።

በመካከሉ ሁለት ነገሮች ጆሯችንን አዘጋጁት። አንደኛው በ1992 ዓ.ም. የተከፈተው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ነው። የመንግሥት ጣቢያ ቢሆንም ለአዲስ አበባ ብቻ የተመደበ፣ ዘና ያለ አነጋገር ያለው ነበር። ከተባባሪ አዘጋጆች ጋር መሥራትም ጀመረ፤ ማለትም ከጣቢያው ሠራተኞች ውጭ ያሉ ሰዎች የአየር ሰዓት እየወሰዱ የራሳቸውን ፕሮግራም ያቀርቡበት ነበር። ሁለተኛው "የቀን ቅኝት" የተባለው የሬዲዮ ድራማ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው ይህ ድራማ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና በሴቶች ላይ ስለሚደርስ በደል በታሪክ መልክ አቀረበ። አድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጻፉለት። ተናጋሪው ሬዲዮ መልስ ማግኘት ጀመረ።

በ1998 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኙት የመጀመሪያዎቹ ሁለት የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሸገር 102.1 እና ዛሚ 90.7 ናቸው። የሸገር መሥራች ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ፣ የዛሚ ደግሞ ጋዜጠኛ ሚሚ ስብሃቱ ናቸው። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ሁለቱ ጣቢያዎች በአቀራረብም በአቋምም እንዳልተመሳሰሉ አድማጭ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም በሀገራችን የግል ሬዲዮ በር ሲከፈት ቀድመው የገቡት ሴቶች መሆናቸውን ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ በሸገር ላይ የምናተኩረው ስለ ጨዋታ የጀመርነውን ሐሳብ አብጠርጥሮ የሚያሳየን እሱ ስለሆነ ነው።

ኤፍ ኤም ለምን የሰፈር ድምፅ ሆነ?

ሸገር በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ስሙ ራሱ መልእክት ነበር። "ሸገር" አዲስ አበባ በፍቅር የምትጠራበት ስም ነው። ሬዲዮ ጣቢያ በሀገርና በአብዮት ስም በሚጠራበት ምድር አንድ ጣቢያ በከተማ የቁልምጫ ስም ሲጠራ "እኔ የዚህ ሰፈር ልጅ ነኝ" ማለቱ ነበር።

ከስሙ ጀርባ የቴክኒክ ምክንያትም አለ። በድሮው አጭር ሞገድ የሚላክ ድምፅ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ንብርብር እየነጠረ በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል። እየራቀ ሲሄድ ይንሿሿል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ኤፍ ኤም ግን እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ተራራ ይጋርደዋል፤ ከከተማና ከአካባቢዋ ብዙም አይርቅም። በምትኩ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የክራሩ ክርና የድምፃዊቷ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

ይህ አጭር እርምጃ ድክመት ይመስላል፤ ለሰፈር ጨዋታ ግን በረከት ሆነ። ለአፍሪካ በሙሉ የሚናገር ጣቢያ መርካቶ መንገድ ተዘጋጋ ሊል አይችልም። ለአንድ ከተማ የሚናገር ጣቢያ ግን ስለ ትራንስፖርት ሰልፍ፣ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጠፋ ሕፃን መናገር ይችላል፤ ሰሚውም "ይሄ እኮ የእኔ ነገር ነው" ይላል።

ጊዜውም ገጠመ። በ1991 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን የገባው ተንቀሳቃሽ ስልክ ከሚሌኒየሙ በኋላ በየሰዉ እጅ ገባ። ስልኩ ራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ ወደ ጣቢያ መደወያም ሆነ። የሚኒባስ ታክሲ ሾፌሮች ኤፍ ኤም ከፍተው ስለሚውሉ ተሳፋሪው ሁሉ ሳይመርጥ አድማጭ ሆነ። ልብስ የምታጥብ ሴት ስልኳን ከገንዳው አጠገብ አስቀምጣ ታዳምጣለች። ዳንቴል ለብሶ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ የነበረው ሬዲዮ ወርዶ ጓዳ ገባ፤ ጣቢያ መምረጡም በሴቲቱ እጅ ሆነ። ይህን ትንሽ ነገር አንበለው።

የቅዳሜው ጨዋታ

ጋዜጠኛ መዓዛ ሸገርን ከመክፈታቸው በፊት በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሠርተዋል፤ በኤፍ ኤም አዲስም ከባለቤታቸው ከአርቲስት አበበ ባልቻና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር "ጨዋታ" የተባለ ፕሮግራም ያቀርቡ ነበር። ሸገር ሲከፈት ይኸው መንፈስ "የጨዋታ እንግዳ" ሆኖ ቀጠለ።

የዚህን ፕሮግራም አካሄድ እስቲ ልብ ብለን እንየው። እንግዳው የቀድሞ ሚኒስትር፣ ደራሲ፣ ድምፃዊ፣ ሐኪም ወይም ወታደር ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ከሥልጣኑ አይጀምርም። የት ተወለዱ? እናትዎ ምን ዓይነት ሴት ነበሩ? ሰፈሩ ምን ይመስል ነበር? ትምህርት ቤት ማን ወሰደዎት? እንዲህ እየተባለ ከልጅነት ተነሥቶ ቀስ እያለ ይመጣል። አንድ ሰዓት አልበቃ ሲል ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይተላለፋል፤ የአንድ ሰው ጨዋታ ለበርካታ ሳምንታት ሊዘልቅ ይችላል። ጠያቂዋ አይቸኩሉም፣ አያቋርጡም፤ እንግዳው ሲያመነታ ዝምታውን ይታገሡታል።

ይህ ዘዴ ከየት መጣ ብንል እኛ ሴቶች መልሱን እናውቀዋለን። ከቡና ነው። አቦል ላይ የጤናና የሰላምታ ወሬ ይቀድማል፤ ቶና ላይ ጨዋታው ይሞቃል፤ በረካ ላይ ሰው ልቡን ይከፍታል። ቡና ጠጪን በአቦል ላይ "ሚስጥርሽን ንገሪን" የሚል የለም። ጨዋታ የራሱ ሰዓት እንዳለው የሚያውቅ ሬዲዮ ሲገኝ እንግዳው ለማንም ያልተናገረውን ይናገራል።

ጥቅሙስ? የሀገራችን የተጻፈ ታሪክ በአብዛኛው የነገሥታት፣ የጦርነትና የአዋጅ ታሪክ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን ሰው ምን ይበላ ነበር? ልጅ በምን ይታከም ነበር? በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ተኩሱ ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን የት ደበቁ? ቀይ ሽብር በበዛበት ዘመን ልጇ ያልተመለሰላት ሴት እንዴት አነጋች? ይህ በመዝገብ አይገኝም፤ የሚገኘው በሰው አፍ ነው። ረጅም የሬዲዮ ጨዋታ ይህን ከአፍ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር አሻገረው። ዛሬ ከእንግዶቹ ብዙዎቹ በሕይወት የሉም፤ ድምፃቸው ግን አለ። የታሪክ ተማሪ ድምፃቸውን ሊያመሳክር፣ ሊሞግት፣ ሊያርም ይችላል። ትዝታ ይሳሳታል፤ ያልተቀዳ ትዝታን ግን ማረም እንኳ አይቻልም።

"ትዝታ ዘ አራዳ" የከተማዋን የድሮ መልክና ወግ፣ "ሸገር መቆያ" ደግሞ የሀገርና የዓለም ታሪክን በትረካ እያቀረቡ ለዚህ ጨዋታ ጓደኛ ሆኑት። በመካከላቸው የሚገባው ሙዚቃም መሙያ ብቻ አልነበረም። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ የተቃኙ የድሮ ዜማዎች ሲመለሱ፣ በካሴት ዘመን ያልደረሱ ልጆች የአያቶቻቸውን ድምፃውያን አወቁ። እናት "ይሄ እኮ የእኔ የሠርግ ዘፈን ነው" ብላ ለልጇ መተረክ ትጀምራለች። አንድ ዘፈን የአንድ ቤት ታሪክ መክፈቻ ቁልፍ ሲሆን ያየን ብዙዎች ነን።

እዚህ ላይ የድምፃውያኑን ድካም ማንሣት ይገባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። ሙዚቃው በየጣቢያው ሲሰማ ለባለሙያዎቹ ተገቢው ክፍያ እንዲደርስ ማድረግ ግን ለረጅም ዓመታት ያልተቋጨ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል። በዘፈኗ ስንቱን ያጽናናች ሴት በእርጅናዋ ችግር ላይ ስትወድቅ ለእርዳታ ከመሯሯጥ፣ ቀድሞ የድካሟን ዋጋ መክፈል ይሻላል።

ለነፃ ሬዲዮ ማን ይከፍላል?

ነፃ ሬዲዮ በነፃ አይሠራም። ማሠራጫው መብራት ይበላል፣ ጋዜጠኛው ደመወዝ ይፈልጋል፣ ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል። የእኛ ሀገር የግል ጣቢያዎች የሚኖሩት በማስታወቂያ፣ በስፖንሰርና የአየር ሰዓት ለተባባሪ አዘጋጆች በመስጠት ነው። ስለዚህ ሁለት ጌታ አላቸው። አንዱ ማስታወቂያ የሚሰጠው ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛው ፈቃድ የሚሰጠውና ሊነጥቅ የሚችለው የመንግሥት ባለሥልጣን ነው። ለአንዱ ብዙ ካጎነበሱ ሬዲዮው ሱቅ ይሆናል፤ ለሌላው ካጎነበሱ ተመልሶ ነጋሪት ይሆናል። የግል ሬዲዮ አዘጋጆች በእነዚህ ዓመታት እንዴት ባለ ጥንቃቄ ሲራመዱ እንደኖሩ አድማጭ ያውቃል፤ ከተነገረው ይልቅ የታለፈው የሚበዛበት ጊዜም ነበር።

ሦስተኛ መንገድ አለ? በሌላ ሀገር ተሞክሯል፤ ነገሩም ለእኛ ለማኅበርተኞች እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ ሉዊስ ሂል የተባለ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1949 ኬፒኤፍኤ የተባለ ጣቢያ ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ማስታወቂያ አንቀበልም፤ አድማጮቻችን በፈቃዳቸው መዋጮ ያዋጣሉ፤ እኛም ሙዚቃና እውነተኛ ውይይት እናቀርባለን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1950 ገንዘብ አልቆበት ተዘጋ። አድማጮቹ ግን ዝም አላሉም፤ ገንዘብ አሰባስበው በግንቦት 1951 እንደገና አስከፈቱት። ጣቢያው እስከ ዛሬ አለ። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተንም እህት ጣቢያው ደብሊው ፒ ኤፍ ደብሊው ከ1977 ጀምሮ ጃዝና የማኅበረሰብ ውይይት ያሰማል።

ይህን የሰማች ሴት "ታዲያ ይሄ ዕድር ነው እኮ!" ትል ይሆናል። አልተሳሳተችም። ዕድር ማለት እያንዳንዱ ጥቂት እያዋጣ ማንም ብቻውን የማይችለውን ነገር በጋራ ማቆም ነው። የዕድርተኛ ገንዘብ ብዙና ትንንሽ ስለሆነ አንድ ሀብታም ተቆጥቶ ቢወጣ ዕድሩ አይፈርስም። ነፃነትም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ከአንድ ትልቅ ቦርሳ ይልቅ ከብዙ ትንንሽ እጆች። የኢትዮጵያ ነፃ ሬዲዮ አንድ ቀን ይህን ከዕድር ቢማር መልካም ነው።

ያልተጋበዙት

ለሠሩት ምስጋና ይገባል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በሬዲዮ ለጨዋታ የሚጋበዘው በአብዛኛው ስም ያለው ሰው ነው። የጉሊት ነጋዴዋ፣ እንጨት ከእንጦጦ ተሸክማ ልጆቿን ያስተማረችው፣ በሰው ቤት እንጀራ ጋግራ የኖረችው፣ ዓረብ ሀገር ሠርታ የተመለሰችው ስንቴ ሰዓት ተሰጥቷቸው ከልጅነታቸው ጀምረው ተጫወቱ? ሬዲዮ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እንግዳውም አንድ ነው፤ ሁሉን ሊያዳርስ አይችልም። የቀረውን መሥራት የእኛ ፋንታ ነው።

በማኅበራችን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ እናቶች አሉ። ጣሊያን ሲወጣ የተወለዱ፣ የአደባባዩን ድምፅ ማጉያ ያስታውሱ፣ የ66ቱን ድርቅና የ77ቱን ያዩ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ባለፉት ዓመታት የቀበርናቸው ደግሞ ይህን ሁሉ ይዘው ሄደዋል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን "ስንት ነገር ያውቁ ነበር" ማለት ልማዳችን ሆኗል። ታሪካቸው ግን ከለቅሶ በፊት ነበር መሰማት የነበረበት።

ስለዚህ ማኅበራችን በየወሩ አንዲት እናት እንድትጫወት፣ ጨዋታዋም እንዲቀዳ ሐሳብ እናቀርባለን። ስቱዲዮ አያስፈልግም። ስልክ ይበቃል። ከቅዳሜው ጨዋታና ከራሳችን ቡና የተማርናቸውን እነሆ።

ፈቃድ ይቀድማል። የምትቀዳው እናት ማን እንደሚሰማው ትወቅ፤ "ይሄ ይቅር" ያለችው ይቅር። ቡናው ይጠጣና ከዚያ ይቀዳ፤ የሲኒና የረከቦት ኳኳታ ድምፅ ያበላሻል። መስኮት ይዘጋ፤ ስልኩ ከአፏ ክንድ ያህል ይራቅ። ጥያቄው ከልጅነትና ከእናቷ ይጀምር። ዓመተ ምሕረት አትጠይቋት፤ "ጣሊያን በወጣ በስንተኛው ነው?"፣ "ከአብዮቱ በፊት ነው በኋላ?" በሏት፤ ቁጥሩን እኛ እንደርስበታለን። ስትዘምር ወይም ሙሾ ስታወርድ አታቋርጧት። ስታለቅስ ዝም በሏት፤ መዝጋት ከፈለገች ይዘጋ። መጨረሻ ላይ ስሟን፣ ቀኑንና ቦታውን በድምፅ ተናገሩ። ቅጂውን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡ፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይተርፋልና። አንዱን ለልጆቿ ስጡ።

ሬዲዮ በሀገራችን ከነጋሪት ተነሥቶ ጨዋታ ለመልመድ 70 ዓመት ፈጅቶበታል። እኛ ጨዋታውን የምናውቀው ከልጅነታችን ነው፤ የጎደለን መቅዳት ብቻ ነው። በሚቀጥለው የወር ስብሰባ የመጀመሪያዋን ተራ የሚወስዱ እናትና የምትቀዳ አንዲት ወጣት አባል እንድንመርጥ እንጠይቃለን። ስማችሁን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ።

እስከዚያው ቸር ያሰማን።